ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ሦስቱ ማዳበሪያዎች

ጅማ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ከርመሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባለፈው እሑድ በስልክ ስንነጋገር እናትሽ ማድ ቤቱ በር ላይ ሦስት ማዳበሪያ መደርደሯን ሰምተሽ፣ «አንድ ቤት ቆሻሻውን ቢለይ ባይለይ ምን ይለወጣል?» ብለሽ ሳቅሽ። ነገሩ ከሞላሁት ካርድ የሚረዝም ስለሆነ በጽሑፍ ልመልስልሽ ብዬ ዝም አልኩ።

አስቀድሜ የእኛን ጥፋት ልንገርሽ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ በደጃችን ያለው የውኃ መውረጃ ቦይ ተደፍኖ ጎርፉ እስከ ሳሎን ዘለቀ። ጎረቤት አካፋ ይዞ ሲረዳን እኔ «ይህን የሚጥል ምን ዓይነት ሰው ነው?» እያልኩ በቁጣ አንድ የተቋጠረ ፌስታል ጎትቼ አወጣሁ። ቋጠሮው ሲፈታ ከሙዝ ልጣጭና ከቡና አተላ መካከል የአንቺ የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ ደብተር፣ ስምሽ እንደተጻፈበት፣ ብቅ አለ። ቆሻሻ እንዲደፋልን ሳንቲም እየሰጠን የምንልከው ልጅ ገንዳው ሲርቀው ቦዩ ውስጥ ይጥለው ኖሯል። ልቆጣው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ፌስታሉን ዘርግፌ ሳየው የምር የሚጣለው ነገር ከእፍኝ አይበልጥም። ደብተሩን ባለ ሱቅ ለስኳር መጠቅለያ ይፈልገዋል፤ ሃይላንዱንና የድልህ ጣሳውን ቆራሌው ይገዛዋል፤ ልጣጩና አተላው አፈር ይሆናል። እያንዳንዱ ለብቻው ቢቀመጥ ፈላጊ ነበረው፤ አንድ ላይ ሲታጨቅ ግን ወረቀቱን አተላው አራሰው፣ ሃይላንዱን ልጣጩ አጨማለቀው፣ ማንም የማይነካው ሆነ። ቆሻሻ ከገበያ ገዝተን የምናመጣው ነገር አይደለም፤ እቤታችን ደባልቀን የምንሠራው ነው።

ያ ቦይ የሚወርደው ወደ አዌቱ ነው። አዌቱ ከተማውን አቋርጦ፣ ልጅ ሳለሽ ጉማሬ ለማየት ይዤሽ ወደሄድኩበት ወደ ቦዬ ረግረግ ይገባል፤ ከዚያም ውኃው ወደ ግልገል ጊቤ ይሄዳል፣ ይኸውም 184 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ታስቦ ወደተገደበው ወንዝ ማለት ነው። በእኛ ደጅ የተጣለ ሃይላንድ የት ድረስ ሊጓዝ እንደሚችል ካሰብሽ፣ «አንድ ቤት» የሚለው አባባልሽ ትንሽ የሚጠብ ይመስለኛል።

መልሶ መጠቀም የሚያድነው ደግሞ ቦዩን ብቻ አይደለም። የተሰበረ የአሉሚኒየም ድስት ቀልጦ እንደገና ድስት ሲሆን፣ አሉሚኒየሙን ከማዕድኑ አንጥሮ ለማውጣት ከሚያስፈልገው ኃይል 95 በመቶ ያህሉ ይቀራል። የሃይላንዱ ነገር እንዲያውም ያስገርማል፦ ተፈጭቶ ውኃ ውስጥ ሲገባ የጠርሙሱ ፕላስቲክ ይሰጥማል፣ የክዳኑ ግን ከሌላ ፕላስቲክ ስለተሠራ ይንሳፈፋል፣ በዚህም ሁለቱ ይለያያሉ። ዘይትና ጭቃ የተቀላቀለበት እንደሆነ ግን ማጠቡ ራሱ ወጪ ስለሚሆን ዋጋው ይወርዳል። ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ በሳጥን እየመለስን ያደግን ሰዎች ይህ ሁሉ አዲስ ሊሆንብን ባልተገባ ነበር።

ይሁንና ከእኛ ቤት የሚወጣው አብዛኛው ነገር የምግብና የቅጠል ትርፍ ነው፤ የጫት ገራባውን ጨምሪበት። ይህ ክምር ውስጥ ታፍኖ አየር ሳያገኝ ሲበሰብስ ሚቴን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ሚቴን ደግሞ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። ክምር ራሱ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አንቺ ባለሽበት በአዲስ አበባ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሲሞት አይተናል። በእኛ አገር ደግሞ የታጠበ እሸት ቡና ልጣጭ ወንዝ ውስጥ ሲለቀቅ፣ እየበሰበሰ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሰውና በውስጡ ያለውን ሕይወት ያፍናል፤ ያው ልጣጭ በጉድጓድ ቢብላላ የቡናውን ተክል ራሱን ይመግብ ነበር። እኔም ከአቮካዶው ሥር ጉድጓድ ቆፍሬ ልጣጩን፣ አተላውንና ደረቅ ቅጠሉን እያፈራረቅሁ እጥላለሁ፣ አልፎ አልፎም አገላብጣለሁ። ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው ጥቁርና ሽታ የሌለው አፈር ሆነ። በእኛ ቋንቋ ከረጢቱንም የአፈሩንም ቀለብ «ማዳበሪያ» ማለታችን ዘንድሮ ገና ገባኝ፤ እናትሽ ግን ቀልዴን አልወደደችውም።

ሁሉም ነገር መልሶ ይሠራል ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም። ፕላስቲክ በቀለጠ ቁጥር ጥራቱ ስለሚቀንስ እንደ ብርጭቆና እንደ አሉሚኒየም ደጋግሞ አይመለስም። ፌስታልን ደግሞ ቆራሌው ዞር ብሎም አያየውም፤ ቀላልና ቆሻሻ ነው፣ ኪሎ አይሞላም። ጎረቤቶቻችን ያቃጥሉታል፤ ጭሱ በመርዝ የተሞላ ስለሆነ እኔ ያን ጊዜ መስኮት እዘጋለሁ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ስስ የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል፤ እኔ ግን አዋጁ ሳይሆን የእናትሽ አሮጌ ዘንቢል ነው ከፌስታል ያላቀቀኝ።

አንቺ ኮንዶሚኒየም ስለምትኖሪ ጉድጓድ ቆፍሪ አልልሽም። በረንዳሽ ላይ ሁለት ማዳበሪያ ይበቃሻል፦ አንዱ የታጠበና የደረቀ ሃይላንድና ጣሳ፣ ሌላው ወረቀት። እርጥቡን ለብቻው ያዢው፤ ከደረቁ ጋር ካልተቀላቀለ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ደብተርሽን ግን ፀሐይ ላይ አድርቄዋለሁ። ቅዳሜ ቆራሌው ሲመጣ ከወረቀቱ ጋር ልሰጠው ስል እናትሽ ነጥቃኝ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ለረመዳን ስትመጪ ወደ የትኛው ማዳበሪያ እንደሚገባ ራስሽ ትወስኛለሽ።

አባትሽ