ዓመቱን ከድመት ጋር፦ የንባብ ክበብ ዘገባ

የንባብ ክበባችን ዘንድሮ ያነበበው ስለ ድመት ነው። ሌላ ነገር አልነካንም ማለቴ አይደለም፣ ግን አብዛኛው ጊዜያችን በድመት ነው ያለፈው። ስዕል የበዛባቸው የልጆች መጻሕፍት፣ የካርቱን መጻሕፍት፣ ተረት፣ ተረትና ምሳሌ፤ ድመት ካለችበት ገብተናል። ሐሳቡም የመጣው ከልጆቹ ነው። መስከረም ላይ የቤተ መጻሕፍቱን የልጆች ካርቶን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፈን «የፈለጋችሁትን አንሱ» ስንላቸው፣ ስለ ታታሪነትና ስለ ጥሩ ጠባይ የሚመክሩት መጻሕፍት እዚያው እንደተኙ ቀሩ፣ ሽፋናቸው ላይ ድመት ያለባቸው ግን በአንድ አፍታ አለቁ። ሁለት ልጆች አንዱን መጽሐፍ ግራና ቀኝ ይዘው ሲጓተቱ የቤተ መጻሕፍቷ እትዬ መጥተው ነው የገላገሏቸው። ከዚያ ወዲያ የዓመቱን ርዕስ መፈለግ አላስፈለገም።

ጥያቄ አልቀረልንም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ቁም ነገር የሚነበብ ጠፍቶ ነው ድመት ድመት የምትሉት?» ብሎኛል፣ ወላጆችም በሌላ አነጋገር ያንኑ ጠይቀውኛል። መልሴ አሁንም ያው ነው። የሳቀ ልጅ ገጹን ይገልጣል። አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ አለ፣ ክፍል ውስጥ አንብብ ሲባል ድምፁ የሚጠፋ። ይህ ልጅ ድመቷ ከቁም ሳጥን ላይ ዘጭ ብላ ሊጥ ውስጥ የምትወድቅበትን ቦታ ለጓደኞቹ ደግሞ ደጋግሞ ሲያነብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማንም አላዘዘውም። ሊያስቃቸው ፈልጎ ነው። ለማሳቅ ደግሞ ቃሉን በትክክል ማንበብ ግድ ነው፣ የተንተባተቡበት ቀልድ አያስቅማ።

ይህ ክርክር ሌላ አገርም ነበር። በፈረንጆቹ 1954 ጆን ኸርሲ የተባለ ደራሲ ላይፍ መጽሔት ላይ ስለ አሜሪካ ልጆች የንባብ ችግር ሲጽፍ፣ ለጀማሪዎች የሚሰጡት መጻሕፍት አሰልቺዎች ናቸው አለ። ከዚያ በኋላ ዶክተር ስዩስ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ቴዎዶር ጋይዘል፣ ጀማሪ አንባቢ በሚችላቸው ጥቂት ቃላት ብቻ ልጅ የማይለቀው መጽሐፍ እንዲጽፍ ተጠየቀ። በ1957 ይዞት የመጣው ምንድን ነው? ባርኔጣ ያደረገ ድመት ነዋ! ዝናብ ቤት ውስጥ ያዋላቸው ሁለት ልጆች ዘንድ መጥቶ ቤቱን የሚያተራምስ ድመት። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት የተለያዩ ቃላት 236 ብቻ ናቸው። ይህንን ለክበቡ ስነግራቸው አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ እኛስ ለአንደኛ ክፍሎች ለምን አንጽፍላቸውም?» አለ።

የዓመቱ ትልቁ ሥራችን የተወለደው ከዚህ ነው። እኛ ቃል አልቆጠርንም፣ ፊደል ነው የቆጠርነው። አንደኛ ክፍልን በገበታው ቅደም ተከተል፣ በሀ ሁ፣ የምታስተምረዋን መምህርት ሄደን «ልጆቹ የት ደርሰዋል?» ብለን ጠየቅናት። ወ ላይ ነን አለች። እንግዲህ ከሀ እስከ ወ ባሉት ፊደላት ብቻ የድመት ታሪክ ጻፉ ተባለ። ልጆቹ ቀላል መስሏቸው እየተሳሳቁ ጀመሩ። ወዲያው «ድመት» ብሎ መጻፍ እንደማይቻል አዩ፣ ደ ገና አልደረሰማ! «አይጥ»ም አትገባም፣ የና ጠ ሩቅ ናቸው። ሥጋ የለም፣ ጎረቤት የለም፣ ጠረጴዛ የለም። ድመት የሌለበት የድመት ታሪክ ሊሆን ነው ተብሎ ትንሽ ጭንቀት ሆነ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ዝምተኛ ልጅ እጇን አውጥታ «ውሮ እንበላታ!» አለች። ወ አለ፣ ረ አለ። እልልታው ጽሕፈት ቤት ድረስ ተሰማ።

እንዲህ ሆነ የወጣው፦

«ውሮ ተኛች። ውሮ ተነሣች። ውሮ ወተት ላሰች። እማማ ሰሙ። ውሮ ሸሸች። እማማ ወተት ለኩ። ወተት አነሰ! ውሮ ተመለሰች። እማማ ሳቁ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ግን ይህችን ለመጻፍ የፈሰሰውን ክርክር ብታዩት። «እማማ ተቆጡ» የሚለው በጠ ምክንያት ወደቀ። እኔ በበኩሌ በዚህ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም መቆጣት ስላልቻሉ ነው እማማ የሳቁት፣ ታሪኩም ያማረው በዚያ ነው። «ሮጠች» በዚያው በጠ ወድቆ «ሸሸች» ሆነ። ስዕሉን ሦስት ልጆች ተካፍለው ሠሩት፣ በየገጹ ውሮ ትንሽ ትንሽ እየወፈረች እንድትሄድ አድርገው። አንደኛ ክፍሎች ዘንድ ወስደን ስናነብላቸው፣ ሁለተኛው ዙር ላይ እነሱ ቀድመውን ያነቡ ጀመር። አንዷ ትንሽዬ እስከ «እማማ ሳቁ» ድረስ በጣቷ እየተከተለች ጨርሳ «ጨረስኩት!» ስትል፣ የጻፈው ቡድን ፊት ላይ የነበረውን ደስታ ለዚህ መጽሔት ፎቶ ባነሳው ኖሮ ጥሩ ነበር።

በነገራችን ላይ ወተቱ ራሱ ጉዳይ አስነሥቷል። የሰባተኛ ክፍል ልጆች ስለ ድመት አመጋገብ አንብበው መጥተው፣ ካደጉ ድመቶች ብዙዎቹ ወተት ውስጥ ያለው ስኳር እንደማይፈጭላቸውና ሆዳቸውን ሊያውካቸው እንደሚችል አስረዱን። የጣፋጭ ጣዕምም አይታወቃቸውም። «ታዲያ መጽሐፍ ላይ ያሉት ሁሉ ለምን ወተት ይጠጣሉ?» የሚለው ክርክር አንድ ሙሉ ዓርብ ከሰዓት ወሰደ። ውሮ ግን ወተቷን አላጣችም። «ውኃ ላሰች» ይባል ቢባል ለኩ፣ አነሰ የሚለው ቀልድ ሊበላሽ ነው ብለው አዘጋጆቹ አሻፈረኝ አሉ። ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ከጥምቀት በኋላ ወደ ካርቱን ገባን። መነሻችን ጋርፊልድ ነበር፣ ያ ብርቱካናማ ወፍራም ድመት። ጂም ዴቪስ ይህንን ድመት ከመፍጠሩ በፊት ስለ አንድ ትንኝ ካርቱን ይሥል ነበር፣ ግን ከትንኝ ጋር ራሱን የሚያመሳስል አንባቢ አይገኝም ተባለ። ትንኙን ትቶ ድመት ሣለ። በ1978 በ41 ጋዜጦች ጀምሮ ከዚያ ዓለምን አዳረሰ። ለልጆቹ የጠቀመን ቅርጹ ነው፦ በአብዛኛው ሦስት ሣጥን። አንደኛው ነገሩን ያመጣል፣ ሁለተኛው ያስጠብቃል፣ ሦስተኛው ይገለብጠዋል። አንድ ገጽ ድርሰት ጻፉ ሲባሉ የሚያቃስቱት ልጆች ለሦስት ሣጥን ሦስት ሳምንት ሲሟገቱ ማየት በጣም ደስ ይላል። አንድ ቃል ከበዛ ቀልዱ ይሞታል፣ ያንን ራሳቸው ደረሱበት።

ጋርፊልድ ሰኞን አይወድም፣ ላዛኛ ይወዳል። የኛዎቹ ይህንን አንብበው «የጎንደር ድመት ሰኞ ምን አድርጓት ነው? እሷ የምትጠላው ረቡዕና ዓርብን ነው» አሉ። እውነት ነው እኮ! ሁለት የሰባተኛ ክፍል ልጆች እንዲህ ሣሉት፦ በመጀመሪያው ሣጥን ድመቷ ረቡዕ ቀን ሰሃኗን ታሸታለች፣ ሽሮ። በሁለተኛው ዓርብ ነው፣ ምስር። በሦስተኛው ሁዳዴ ገብቷል፣ ድመቷ ግድግዳው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ሥር ተዘርራ 55 ቀን ትቆጥራለች። ቀጥሎ የፋሲካውን አመጡ። ዶሮ ሳይጮኽ፣ የቤቱ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለስ፣ ድመቷ ብቻዋን ድስቱ ፊት ለፊት ነጠላ ለብሳ ቁጭ ብላለች። ይህንን ስዕል እስካሁን የሰራተኞች ክፍል ግድግዳ ላይ ታገኙታላችሁ፣ ያ «ቁም ነገር ጠፍቶ ነው ወይ» ያለኝ ባልደረባዬ ነው የለጠፈው።

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለውም ለሦስት ሣጥን የተፈጠረ ይመስላል። ቆብ የደፋች፣ መቁጠሪያ የያዘች ድመት፤ ቀጥሎ በበሩ ሥር የምታልፍ አይጥ፤ ቀጥሎ «ሽው!» የሚል ጽሑፍና አየር ላይ የቀረ ቆብ ብቻ። አይጦቹ ተሰብስበው በድመቷ አንገት ላይ ቃጭል ማን ይሰር የሚሉበትን ተረት ደግሞ ከሚኒ ሚዲያ ክበብ ጋር ሆነን በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ አቀረብነው። ልጆቹ ቃጭሉን ከየት እንደተዋሱት አልጠየቅንም እንጂ በጣም የሚያምር ድምፅ ነበረው።

ፋሲል ግቢ የሄድነው ታኅሣሥ ላይ ነው። ከፒያሳ በእግራችን፣ በጃንተከል ዋርካ በኩል። ልጆቹ ግቢውን ብዙ ጊዜ ያዩት ስለሆነ ቤተ መንግሥቱን ሲያዩ ብዙም አልተደነቁም፣ አንበሶች ይኖሩባቸው የነበሩት ቤቶች ጋ ስንደርስ ግን ቆሙ። አንበሳና ድመት አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን ቀድመን አንብበን ነበርና አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ባዶ የድመት ቤት ነው፣ ለምን አይከራይም?» አለች። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ደብተራቸውን አወጡ። የተወለደው ታሪክ አንዲት ድመት ከደላላ ጋር ቤት ልታይ ስትመጣ ነው። ደላላው ፍየል ነው። «ግቢው ሰፊ፣ ጎረቤቶቹ ነገሥታት፣ ጥበቃ ያለው» ይላታል። «ውኃስ አለው?» ስትለው ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል። ስምንት ገጽ ሆነ፣ መጨረሻ ላይ ድመቷ ቤቱን ሰፋኝ ብላ ጥላው አንድ ጎብኚ የረሳው ጫማ ውስጥ ትገባለች። በግሌ ዘንድሮ ከተሠሩት ሁሉ ይህንን አስበልጣለሁ።

መጽሐፎቹን እንዴት እንደምንሠራ ለሚጠይቁን ወላጆች፦ አንድ ኤ ፎር ወረቀት ነው። ሦስት ጊዜ በግማሽ በግማሽ ታጥፎ ሲዘረጋ ስምንት ሣጥን ይወጣል። መሐሉን፣ በሁለቱ የመሐል ሣጥኖች ርዝመት ብቻ፣ በመቀስ ትቆርጣላችሁ። ከዚያ በቁመቱ አጥፋችሁ ከሁለቱም ጫፍ ወደ መሐል ስትገፉት መስቀል ይሠራል፣ ያንን ወደ አንድ ጎን ስታጥፉት ባለ ስምንት ገጽ መጽሐፍ ነው። ማጣበቂያም ስቴፕለርም አይፈልግም። አንድ ሌላ የተማርነው ነገር፣ ገጸ ባሕሪው የሚናገረውን መጀመሪያ መጻፍ ነው፣ ክቡን ከዚያ በኋላ ዙሪያውን መሣል። ክቡን ቀድመው የሣሉ ልጆች ፊደላቸው መጨረሻ ላይ ተጨናንቆ «ሚያ» ላይ አልቆባቸዋል።

የእጅ ጽሕፈት ነገር ሲነሣ ዋንዳ ጋግ በ1928 ያሳተመችውን የብዙ ሚሊዮን ድመቶች ታሪክ አሳየኋቸው። አንድ ሽማግሌ ለሚስታቸው አንዲት ድመት ሊያመጡ ወጥተው፣ ማማረጥ አቅቷቸው ሁሉንም ይዘው የሚመለሱበት ነው። የመጽሐፉን ጽሑፍ በእጁ የጻፈው የደራሲዋ ወንድም ነው። ይህንን ሲሰሙ ስዕል የማይሆንላቸው ግን ጽሕፈታቸው የሚያምር ልጆች ቀና አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ጸሐፊ አለው።

የወላጆች ቀን ላይ ሁሉንም በሲባጎ አንጠልጥለን አሳየን። አንዲት እማሆይ የልጅ ልጃቸውን ሥራ ሊያዩ መጥተው፣ የመነኮሰችዋ ድመት ፊት ረዘም ላለ ጊዜ ቆሙ። ልጅቷ ፈርታ ነበር። እማሆይ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሲስቁ ቆዩና «ልጄ፣ ቆቡ ተንጋዷል፣ አቅኚላት» አሏት። አቀናችላቸው።

ችግራችን የመጻሕፍት ነው። በአማርኛ የተዘጋጀ ለልጅ የሚሆን ካርቱን እጅግ ጥቂት ነው፣ ያሉንም የእንግሊዝኛዎቹ እየተረጎምን በቃል የምናነባቸው ናቸው። አፍሪካን ስቶሪቡክ ከሚባለው ድረ ገጽ በአማርኛ ያሉ የልጆች ታሪኮችን በነፃ አውርደን አትመናል፣ መብራት ሲኖር። ወላጆችም በስልካችሁ ልታነቡላቸው ትችላላችሁ።

የክበቡ መሪዎች የነበሩት ስምንተኛ ክፍሎች ዘንድሮ ይለዩናል። የውሮን ታሪክ ግን ለታናናሾቻቸው አስረክበዋል፤ አንደኛ ክፍሎች በሚቀጥለው ዓመት ደ ላይ ሲደርሱ የታሪኩ ቀጣይ ይወጣል፣ ጠ ሲመጣ ደግሞ አይጧ ትገባለች። የተሠሩት መጻሕፍት በሙሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል ባለው መደርደሪያ ላይ አሉ፣ እትዬን ጠይቃችሁ መዋስ ትችላላችሁ። መስከረም ላይ ስብሰባው እንደተለመደው ዓርብ ከትምህርት በኋላ ነው። ቤታችሁ የማይነበብ የልጆች መጽሐፍ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ወይም ባለ ቀለም እርሳስ ካለ አምጡልን።