ባቻ ካንንም አንሱት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ሰላማዊ ትግል በተጻፈ ቁጥር ጋንዲ ይነሳል። ባቻ ካን ግን ሁሌም ይዘለላል። ይሄ ይከነክነኛል።

ባቻ ካን፣ በሙሉ ስሙ አብዱል ጋፋር ካን፣ ፓሽቱን ነው። የዛሬይቱ ፓኪስታን ሰሜን ምዕራብ ሰው። እዚያ ጠመንጃ የወንድ ክብር ነው፤ ደም መመለስም እንደ ዕዳ ይቆጠራል። (ይህን ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት ድካም ነው።) እሱ ግን ትግሉን የጀመረው ትምህርት ቤት በመክፈት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ደግሞ «የአምላክ አገልጋዮች» የተባለውን ንቅናቄ መሠረተ። አባላቱ ቀይ ሸሚዝ ይለብሳሉ፤ ላለመበቀልም ይምላሉ። በ1930 በአካባቢው ከተማ በፔሻዋር ቅኝ ገዢው የእንግሊዝ ጦር ባዶ እጁን በወጣው ሕዝብ ላይ ተኮሰ፤ ብዙ ሰው አለቀ። በዚያው ጦር ውስጥ የነበሩ፣ ከህንድ ጋርህዋል አካባቢ የመጡ ወታደሮች ግን አንተኩስም ብለው እምቢ አሉ። ለእኔ ትልቁ ድል ይሄ ነው።

በፖለቲካውም ቤተሰቡ አሻራውን ትቷል። ወንድሙ ዶክተር ካን ሳሂብ በ1937 የክፍለ ሀገሩን መንግሥት መርቷል። የባቻ ካን ልጅ ዋሊ ካን የመሠረተው አዋሚ ናሽናል ፓርቲም ከ2008 ምርጫ በኋላ ክልሉን አስተዳድሯል። ባቻ ካን ራሱ ግን ህንድ ህንድና ፓኪስታን ተብላ መከፈሏን በመቃወሙ በነጻዪቱ ፓኪስታንም ለዓመታት ታስሯል።

ጠመንጃው ከዚያ ምድር ጠፍቷል አልልም። በ2016 ታጣቂዎች በስሙ የተሰየመውን ዩኒቨርሲቲ ያጠቁት የሙት ዓመቱ በሚታሰብበት ዕለት ነው። ይሄ ሰው አንድ ሙሉ ገጽ አይበዛበትም።

አክባሪ አንባቢያችሁ