ከመዝራታችን በፊት አፈሩን እንየው

ውድ አባላት፣ እንደምን ከረማችሁ?

ትናንት አራት ኪሎ ካለው መደባችን አንድ እፍኝ አፈር አርጥቤ በመዳፌ አሸሁት። እንደ ሊጥ ተጣበቀ፤ በአውራ ጣቴ ስገፋው ሳይበጠስ እንደ ጥብጣብ ረዘመ። ዋልካ ነው፤ ሸክላ የበዛበት አፈር ማለት ነው። ለም ነው፤ ግን ክረምት ውኃ ያቁራል፣ በጋ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ቆስጣውንም ካሮቱንም ከፍ ባለ መደብ ላይ እንዝራ፣ በመሃል ቦይ እናውጣ፣ ብስባሽ በደንብ እንቀላቅልበት። እርጥብ ሳለ እባካችሁ አትርገጡት፣ ይጠጥራል።

በየግቢያችሁም ሁለት ሦስት ቦታ ቆፍራችሁ እዩ። መሃል ከተማ ላይ የፈረሰ ቤት ስሚንቶና ኖራ ከአፈሩ ጋር ተደባልቆ ይገኛል። እኔ አምና ሳላጣራ ዘርቼ ሰላጣው ቢጫ ሆኖ ቀረብኝ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

እሁድ ስንገናኝ ከየግቢያችሁ አንድ አንድ ጣሳ አፈር ይዛችሁ ኑ። በጠርሙስ ውኃ በጥብጠን እናስቀምጠዋለን፤ አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ሸክላው ግን ለማግስቱም ላይጠራ ይችላል።