የድሮ ስፒከራችሁን ከማጠባችሁ በፊት

ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ሰሞኑን ስትመጡም ስትደውሉም ሁለት ጥያቄ ይደጋገማል። አንዱ «የድሮ ስፒከሬን ቤት ውስጥ ራሴ ባጸዳው ምን ችግር አለው?» የሚል ነው። ሌላው «ለምን ወዲያው አዲስ ዕቃ አትገጥሙበትም?» የሚል። ለእያንዳንዳችሁ በስልክ ስንመልስ ነገሩ እየተቆራረጠ አስቸገረን። ስለዚህ አንዴ ረጋ ብለን ልንጽፍላችሁ ወሰንን።

ባለፈው ክረምት አንድ በዕድሜ የገፉ ደንበኛችን ጥንድ ስፒከር ይዘው መጡ። ሳሎናቸው ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ ኖሯል። ላዩ ላይ ዳንቴል ነበረ፤ ዳንቴሉ ላይ የአበባ ማስቀመጫ። ማስቀመጫው የተወው ክብ የውሃ ምልክት እንጨቱ ላይ ቀርቷል። ልጃቸው ለበዓል ቤት ስታጸዳ የፊት ጨርቁን አንስታ ውስጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው። በቅንነት ነው ያደረገችው። ግን እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚያወጣው ወረቀት፣ ማለትም ኮኑ፣ ውሃ ጠጣና አበጠ፤ ሲደርቅ ደግሞ ተሸበሸበ። በዙሪያው ያለው ስፖንጅም ጨርቁ ሲነካው እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረፈረ። ጋሼ ጥቁሩን ፍርፋሪ በፌስታል ሰብስበው ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጡና «ይኼን መልሳችሁ ትለጥፉልኛላችሁ?» አሉን።

ፍርፋሪው አይለጠፍም። ስፒከሩ ግን ድኗል።

ኮኑን ከብረት ክፈፉ ጋር የሚያገናኘው ዙሪያውን የተለጠፈ ተጣጣፊ ቀለበት ነው። ብዙ ሰው «ጎማው» ይለዋል። ሁልጊዜ ግን ጎማ አይደለም። አንዳንዱ ስፒከር ላይ የተቀባ ጨርቅ ነው፤ አንዳንዱ ላይ እውነተኛ ጎማ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ብዙ ስፒከሮች ላይ ግን ፖሊዩሪቴን የሚባል ስፖንጅ ነው። ስፖንጁ ቀላልና ለስላሳ ስለሆነ ለቤዝ ድምፅ ጥሩ ነበር። ችግሩ ዕድሜው ነው። የአየሩ እርጥበት፣ ሙቀትና የፀሐይ ብርሃን ቀስ በቀስ ይበሉታል። ከ15 እስከ 25 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርቃል ወይም ይሟሟል። ሳትከፍቱት ተሸፍኖ ቢቀመጥም ያው ነው። «አልተጠቀምኩበትም እኮ፣ እንዴት ተበላሸ?» ለምትሉን መልሱ ይኸው ነው።

ቤት ውስጥ ማየት ከፈለጋችሁ የፊት ጨርቁን ቀስ ብላችሁ አንሱና በባትሪ መብራት ከጎን አብሩበት። ቀዳዳ፣ ስንጥቅ ወይም አመድ የመሰለ ብናኝ ካያችሁ እዚያው ተዉት። በጣት አትጫኑት። ሙዚቃም አትክፈቱበት። ቀለበቱ ሲቀደድ ኮኑ ወደ ጎን ያዘነብላል። ከኮኑ ጀርባ ያለው የመዳብ ሽቦ ጥቅል የሚንቀሳቀሰው ማግኔቱ ውስጥ ባለ በጣም ጠባብ ክፍተት ነው። ትንሽ ካዘነበለ ከብረቱ ጋር ይፋተጋል። የምትሰሙት «ክርክር» የሚል ድምፅ እሱ ነው። ሽቦው አንዴ ከተላጠ ደግሞ የቀለበት ሥራ የነበረው ወደ ትልቅ ሥራ ይለወጣል።

የጋሼን ስፒከር እንዲህ አደረግነው። ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈታንና የትኛው ሽቦ የት እንደነበረ ምልክት አደረግን። የድሮውን ስፖንጅና የድሮውን ማስቲሽ ከወረቀቱ ላይ በእንጨት ስንጥርና በጥቂት አልኮል ነቀልን። ከሥራው ሁሉ ረጅሙ ይኼ ነው። አንድ ኮን ብቻ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ የተቸኮለ እጅ ወረቀቱን አብሮ ይልጠዋል። የተሸበሸበውን ቦታ ከኋላው በስስ ወረቀት ደገፍነው። ከዚያ መሃል ላይ ያለችውን ክብ ክዳን በስለት ከፍተን በሽቦው ጥቅልና በማግኔቱ መካከል ቀጫጭን የፕላስቲክ ቁራጮች ሰካን። ኮኑ ትክክል መሃል ላይ የሚቆመው በዚህ ነው። አዲሱን ቀለበት የለጠፍነው ቀስ ብሎ በሚደርቅ ነጭ ማስቲሽ ነው። ሱፐር ግሉ በፍጹም አንጠቀምም። ሱፐር ግሉ ወዲያው ስለሚይዝ ኮኑን ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥም፤ ሲደርቅም ድንጋይ ይሆናል። አንድ ቀን ሙሉ ከደረቀ በኋላ ቁራጮቹን አወጣንና በዝቅተኛ ድምፅ የ30 ኸርዝ ቶን፣ ማለትም በጣም ወፍራም ድምፅ፣ ለቀቅንበት። ጆሯችንን አስጠግተን አዳመጥን። ፍትጊያ የለም። ያን ጊዜ ክዳኗ ተለጠፈች።

ቀለበቱም ዝም ብሎ መጠኑ ስለሆነ ብቻ አይገጠምም። በጣም ደረቅ ከሆነ ኮኑን ያስረዋል፤ ቤዙም ይጠፋል። በተለይ የተዘጋ ሳጥን ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኤድጋር ቪልቹር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1954 ኤአር የሚባለውን ኩባንያ ሲያቋቁም ይዞት የተነሳው ሐሳብ፣ ሳጥኑ ውስጥ የታፈነው አየር ራሱ እንደ ስፕሪንግ እንዲሠራ ማድረግ ነበር። ኮኑ በጣም ለስላሳ ሆኖ ይሰቀላል፤ መልሶ የሚገፋው አየሩ ነው። በዚህ የተነሳ ትንሽ ሳጥን ጥልቅ ቤዝ መስጠት ቻለ። እንዲህ ያለ ስፒከር ቀለበቱ ደህና ከሆነና ኮኑን በሁለት እጅ ጣቶች በእኩል ቀስ ብላችሁ ገፍታችሁ ስትለቁት ቀስ እያለ ይመለሳል። ቶሎ ዘልሎ ከተመለሰ አየር የሚያስወጣ ቦታ አለ ማለት ነው። ደረቅ ቀለበት መግጠም ወይም ከኋላው ለአዲስ ሶኬት ቀዳዳ መብሳት ያንን ሐሳብ ያፈርሰዋል። ሳጥን ብሱልን ስትሉን እንቢ የምንለው ለዚህ ነው። ብሉቱዝ የፈለገ ሰው መቀበያውን አምፕሊፋየሩ ላይ ያገናኘው፤ ስፒከሩን መብሳት አያስፈልግም።

አሁን ወደ «አፕግሬድ» እንምጣ። ሳጥኑ ውስጥ ክሮስኦቨር የሚባል ትንሽ ሰሌዳ አለ። ሥራው ድምፁን ማከፋፈል ነው፤ ወፍራሙን ለትልቁ ዉፈር፣ ቀጭኑን ለትንሿ ትዊተር ይልካል። ትዊተሯን የሚጠብቃት ሰሌዳው ላይ ያለው ካፓሲተር የሚባል ዕቃ ነው፤ ወፍራሙን ድምፅ ያግድላታል። ለምሳሌ ባለ 8 ኦም ትዊተር ፊት ባለ 4 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ብቻውን ቢቆም፣ ከ5,000 ኸርዝ ገደማ በታች ያለውን ድምፅ እየቀነሰ ያስቀረዋል። ካፓሲተሩ አርጅቶ ልኩ ወደ 6 ቢያድግ መስመሩ ወደ 3,300 ገደማ ይወርዳል። ትዊተሯ ያልተሠራችበትን ሸክም ትሸከማለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ የካፓሲተሩ ውስጥ ይደርቅና የራሱ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ይጨምራል። ያን ጊዜ ትዊተሯ ትደበዝዛለች። ይህ በአንድ ቀን የሚመጣ አይደለም። በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ስለሆነ ጆሮ ይለምደዋል፤ ባለቤቱም «ስፒከሬ ድሮም እንዲህ ነበር» ይላል።

ስለዚህ አርጅተው ከልካቸው የወጡትን ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች እንቀይራለን። ከሁሉም ማሻሻያ ለገንዘባችሁ ይበልጥ የሚመልሰው ይኼ ነው ብለን እናምናለን። ብዙ ጊዜ የምንገጥመው ከስስ ፕላስቲክ የሚሠራውን ፊልም ካፓሲተር ነው፤ እንደ ድሮው አይደርቅም። እዚህም ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። የፊልሙ ተቃውሞ ከድሮው ያነሰ ስለሆነ ትዊተሯ ከታሰበው በላይ ልትጮህ ትችላለች። አስፈላጊ ሲሆን ተቃውሞውን የምትመልስ ከአንድ ኦም ያነሰች ሬዚስተር እንጨምርበታለን። ሰሌዳው ላይ ያሉትን የመዳብ ጥቅሎች ግን አንነካም፤ እነሱ አያረጁም።

ትዊተሯ ብትጮህ ምን አለበት የምትሉ ትኖራላችሁ። በብዙ ቤት እነዚህ ስፒከሮች የተገዙት ሸክላ ለመስማት ነው። አምሃ ሬከርድስ የሚባለው የአገራችን ሸክላ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም በጀመረበት ዘመን የተቀዳ ድምፅ ልቡ በወፍራሙና በቀጭኑ ድምፅ መሃል ላይ ነው። ዘፋኙ፣ ሳክስፎኑ፣ ኦርጋኑ ሁሉ እዚያ ነው ያሉት። የሸክላው የጭረት ድምፅ ግን ከላይ፣ በቀጭኑ ድምፅ ወገን ነው። የምትጮህ ትዊተር ስትገጥሙ ከፊት የምታመጡት ዘፋኙን ሳይሆን ጭረቱን ነው። ከመኪና የወጣ ዉፈር ግጠሙልን፣ ትልቅ ዋት ይኑረው የሚሉን ደንበኞችንም እንዲሁ እናስረዳቸዋለን። ሳጥኑ የተለካው ለድሮው ዉፈር ነው። ሌላ ሲገባበት ቤዙ ወይ ያብጣል ወይ ይደርቃል፤ የማይመለስ ወጪም ነው።

ቤት ውስጥ ምን ማድረግ ትችላላችሁ? ብዙ ነገር። የወረቀት ኮንን ለስላሳ በሆነ ደረቅ የቀለም ብሩሽ ከመሃል ወደ ውጪ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። ውሃ አይንካው። የትዊተር ጉልላት ላይ የአቧራ መጥረጊያ ማሽን አታስጠጉ፤ ይስበዋል፣ ይሰብረዋል። የፊት ጨርቁን ማጠብ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ከጥጉ ትንሽ አርጥባችሁ ሞክሩት፤ ፍሬሙ ላይ የተለጠፈ ከሆነ ሊኮማተር ይችላል። እንደ ጄቢኤል ኤል100 ያሉ ከፊት ስፖንጅ ያላቸው ደግሞ ያ ስፖንጅ ራሱ ያረጃል። ሲነካ ከተፈረፈረ ማጠቡ አያድነውም፤ በአዲስ ይተካል።

እንጨቱን በጣም በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉና ወዲያው አድርቁት። ዘይት የተቀባ የዋልነት ልባጥ ከሆነ ለእንጨት የሚሸጠው የተልባ ዘይት ጥቂት ብቻ ይበቃዋል። እባካችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚህ ዘይት የተነከረ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ ራሱን በራሱ አሙቆ ሊቃጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጪ አድርቁት፤ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩትና ጣሉት።

የማትነኩት ነገርም አለ። የያማሃ ኤንኤስ-1000 ካላችሁና ጉልላቱ ከተሰነጠቀ ወይም ከተሰበረ አትንኩት፣ አትጥረጉት። የተሠራው ከቤሪሊየም ነው፤ ብናኙ ለሳንባ መርዝ ነው። ደውሉልንና እንዴት እንደምታሽጉት እንነግራችኋለን። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ቢጫ የመስታወት ሱፍም ያለ ጓንትና ማስክ አትነካኩ፤ አውጥታችሁም ጥጥ አትተኩበት። መጠኑና ዓይነቱ ተለክቶ የገባ ነው።

መብራት ሲጠፋ አምፕሊፋየሩን አጥፉ። ሲመለስ የሚመጣው «ዱም» የሚል ድምፅ ኮኑን በኃይል ይገፋዋል። አዲስ ቀለበት ያስገጠማችሁ በተለይ ይህን ልማድ አድርጉት።

ወደ እኛ ስትመጡ እባካችሁ ሁለቱንም አምጡ፤ አንዱ ብቻ ቢበላሽም። ጥንድ ናቸው፣ አብረው አርጅተዋል። አንዱን ብቻ አድሰን ብንመልሰው የግራውና የቀኙ ድምፅ አይገጥምም። የተፈረፈረውንም፣ የወደቀውንም ብሎን፣ የተቀደደውንም ጨርቅ ሳትጥሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ። ከፍርፋሪው የቀለበቱን ውፍረትና ስፋት እንለካለን። ሲገቡ መጀመሪያ እያንዳንዱን በቴስተር እንለካለን። ባለ 8 ኦም ስፒከር በአብዛኛው ከ5.5 እስከ 7 ኦም ያሳያል፤ ምንም ካላሳየ ሽቦው ተበጥሷል። ዋጋ የምንነግራችሁ ከዚህ በኋላ ነው። በስልክ የማንናገረው ልናጓትታችሁ ፈልገን ሳይሆን ያላየነውን ዕቃ ዋጋ መናገር ስለማንችል ነው። የቀየርነውን አሮጌ ካፓሲተር ሁሉ በከረጢት አድርገን እንመልስላችኋለን። የእናንተ ንብረት ነው።

ለመውሰድ ስትመጡ ደግሞ በደንብ የምታውቁትን ሸክላ ወይም ካሴት ያዙ። ጋሼ ሁለት ሸክላ ይዘው ነበር የመጡት። የመጀመሪያው ሲጫወት ዝም ብለው ቆሙ። ሁለተኛው ላይ ወንበር ስበው ተቀመጡና «ቤዙን ከፍ አድርጊው» አሏት ልጃቸውን። ቅዳሜ ከሰዓት ሌላ ሥራ አንይዝም፤ ያን ሰዓት የምናውለው ለዚህ ማዳመጥ ነው። ሰዓት ለማስያዝ አስቀድማችሁ ደውሉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ቤቱ ባልደረቦች