ስለ ሳነቴው ጉዞ

ውድ አባላት፣

የባሌው የእግር ጉዟችን ተቃርቧል። የመጀመሪያውን ሌሊት ከአምባው ዝቅ ብላ በምትገኘው በዲንሾ ከተማ እናድራለን፤ ይህን እንደ ጊዜ ማባከን አትቁጠሩት። የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ሰውነት ከፍታን የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው። ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ሳይደብቅ ይናገር፤ ሕመሙ ከበረታ መድኃኒቱ መውረድ ነው።

በበጋ ሌሊት ውሃ በረዶ ስለሚሆን ጋቢና ጓንት ያዙ። ውሻ ግን ፈጽሞ አይምጣ! የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮዎቹን በተደጋጋሚ ፈጅቷቸዋል፤ በዓለም የቀሩት ጥቂት መቶዎች ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት እዚያው ባሌ ነው። ፍልፈል ሲያድኑ ካያችሁ ባላችሁበት ቁሙ። ለማገዶ አስታ የሚባለውን የደጋ ዛፍ አንቆርጥም፤ የጋዝ ምድጃ እንይዛለን።

የምትመጡ እስከ ዓርብ ማታ አሳውቁን፤ የጭነት ፈረስ የምንከራየው በቁጥራችን ልክ ነው።