ቅዳሜ ጎርጎራ ነን

ውድ የእግር ጉዞ ወዳጆች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ጎንደር ፒያሳ እንገናኝ። በሐበሻ ቀጠሮ ሳይሆን በእውነተኛው 12። ባለፈው ያስጠበቅኳችሁ እኔው ራሴ ነበርኩ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዚያ በእግራችን የጣናን ዳር ይዘን እንጓዛለን። በውጭ አገር ኖሬ በጡረታ እስክመለስ ድረስ ውቅያኖስ ዳር ብዙ ተራምጃለሁ። ነፋሱ ጨው ጨው ይላል፣ ማዕበሉ ወሬ አያሰማም። ጣና ግን ዝም ይላል። አንድ ዓሣ አጥማጅ በደንገል ታንኳው ላይ ሆኖ ሰላም ሲላችሁ ከሩቅ ትሰሙታላችሁ። እኔን የገዛኝ ይሄ ነው።

ደብረ ሲና ማርያም ገብተን የግድግዳ ሥዕሎቹን እናያለን፤ ነጠላ አትርሱ። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሳይቆረቁሩ፣ አባታቸው ሱስንዮስ በጎርጎራ ከትመው ነበር። እናንተ የጎንደር ልጆች በዚህ ትከፉ ይሆናል፣ ግን ሐይቁ ይቀድማል!

ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ከእኛ ከተማ ይሞቃል። ባርኔጣና ውኃ ያዙ። ወባም ስላለ ሲመሽ እጅጌ ረጅም ልብስ ይሻላል። ጉማሬ ካየን ፎቶ ለማንሳት የሚጠጋ እንዳይኖር፤ በተለይ በእሱና በውኃው መሃል ማንም አይቁም። ቀልድ አይደለም።

ምሳ ዓሣ ነው። ሚኒባሱን የምንከራየው በቁጥራችን ልክ ስለሆነ፣ የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ ንገሩኝ።