ለአሮጌ ሞተር ሳይክል «ወፍራም ሰንሰለት» መምከር አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ አሮጌ ሞተር ሳይክሎች ጥገና ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ስለ ፍሬንና ስለ ጎማ በተባለው ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ስለ ሰንሰለት የተሰጠው ምክር፣ ማለትም ከሚገኘው ሁሉ ወፍራሙን መግዛት ይሻላል የሚለው ግን፣ አንባቢን ለከንቱ ወጪ፣ ሲከፋም ለአደጋ ሊዳርግ ስለሚችል ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

በሰንሰለቱ የጎን ላሜራ ላይ ተመትቶ የሚታየው 428፣ 520 ወይም 530 የሚለው ቁጥር መጠንን እንጂ ጥንካሬን አይናገርም። የመጀመሪያው አኃዝ ከአንዱ ፒን (አንጓዎቹን ከሚያያይዘው ትንሽ ዘንግ) መሃል እስከ ቀጣዩ ፒን መሃል ያለውን ርቀት በኢንች ስምንተኛ የሚገልጽ ሲሆን፣ በ4 የሚጀምረው 12.7፣ በ5 የሚጀምረው 15.875 ሚሊ ሜትር ነው። የቀሩት ሁለቱ የስፕሮኬቱ፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚዞርበት ባለጥርስ ጎማ፣ ጥርስ የሚገባበትን የውስጥ ስፋት ያመለክታሉ፤ ይህም በ520 ላይ 6.35፣ በ530 ላይ 9.53 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ለ428 በተሠራ ስፕሮኬት ላይ 520 ጨርሶ አይቀመጥም። አሳሳቹ 530ው ነው፤ የፒኖቹ ርቀት አንድ ስለሆነ በ520 ስፕሮኬት ላይ ይዞራል፣ ገዢውም የገጠመለት ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን በጥርሱ ላይ ወዲያና ወዲህ እየዋለለ ራሱንም ስፕሮኬቱንም ይበላል።

ጥንካሬን መፈለግ የሚገባው እንግዲህ በዚያው መጠን ውስጥ ነው። ለምሳሌ ከ428 ቁጥር ቀጥሎ «ኤች» የሚል ፊደል ያለበት ሰንሰለት የጎን ላሜራው ይወፍራል። ሆኖም በትክክል የተመረጠ ሰንሰለት በአንድ ጉተታ ተበጥሶ የሚያልቅበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ የሚያልቀው ፒኑና ፒኑን የሚያቅፈው ቱቦ (ቡሹ) በአቧራና በግሪስ እጦት ስለሚፋጩ ነው። ኦሪንግ በሚባሉ የጎማ ቀለበቶች ግሪሱን በየአንጓው ውስጥ አሽጎ የሚይዘው የኦሪንግ ሰንሰለት ዕድሜው የሚረዝመውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህም ቢሆን ለአሮጌ ሞተር በጭፍን አይገዛም። ኦሪንጎቹ ቦታ ስለሚወስዱ ፒኖቹ ይረዝማሉ፣ የሰንሰለቱ የውጭ ስፋትም ይጨምራል። እኔ በቁጥሩ ትክክል የሆነ የኦሪንግ ሰንሰለት አስገጥሜ፣ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከፊተኛው ስፕሮኬት ጀርባ ካርተሩ (የሞተሩ የብረት አካል) ላይ በምስማር የተጫረ የሚመስል የሚያብለጨልጭ መስመር አገኘሁ። ሻጩ «ይገጥማል» ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን ነው፣ ጥርሱ ላይ ገጥሟል። ከመግዛቴ በፊት የፒኑን ርዝመት በካሊበር ለክቼ በካርተሩ በኩል ካለው ክፍተት ጋር ባስተያየው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር።

ሌላው በጽሑፉ ያልተነሳው የስፕሮኬቱ ጉዳይ ነው። ጥርሱ እንደ መንጠቆ በጎበጠ ስፕሮኬት ላይ አዲስ ሰንሰለት ማሰር ገንዘብን መጣል ስለሆነ፣ የፊቱም የኋላውም ከሰንሰለቱ ጋር አብረው ይለወጡ። አሮጌው ሰንሰለት ማለቁን ለማወቅ ደግሞ ወጥሮ 20 አንጓ መለካት ይበቃል፤ አዲስ 428 ላይ 254፣ አዲስ 530 ላይ 317.5 ሚሊ ሜትር የነበረው ርዝመት በመቶ ሁለት ከጨመረ ነገሩ አብቅቷል፤ ከዚያ ቀደም ብለው እንዲለወጥ የሚያዝዙ አምራቾችም አሉ።

የሰንሰለቱን ሁለት ጫፎች የሚያገናኘው ማያያዣ በክሊፕ የሚታሰር ከሆነ የክሊፑ ዝግ ጫፍ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት፤ ተገልብጦ ከገባ አንድ ጠጠር ሊያወልቀው ይችላል። ጉልበታቸው ከፍ ላለ ሞተሮች ግን ተቀጥቅጦ የሚታሰረው ማያያዣ ይመረጣል።

ምክሩን አምነው ወፍራም ሰንሰለት ለመግዛት የተነሱ አንባቢዎች ይኖራሉና፣ በሚቀጥለው እትም ማስተካከያ እንድታወጡና ቢያንስ የካርተሩን ክፍተት የመለካቱን ነገር እንድትጨምሩበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ